የግዮን ወንዝ ስሙና መንገዱ፤ ስለ እውነተኛ ምስክርነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ወንዝ ስምና ስለ መንገዱ ነው። ስለ ወንዝ መናገር የምድርን ካርታ የሚያስተምር ሰው ሥራ እንጂ የካህን ሥራ ነውን? የሚል ቢኖር፥ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ገና በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ወንዞችን በየስማቸው ጠርቶ፥ የሚከብቡትንም አገር ነግሮ እንደሚተርክ ያስታውስ። እግዚአብሔር በመጽሐፉ ያጻፈውን ስም ማወቅ፥ ያንም ስም ከዘመን ወደ ዘመን ማን እንዴት እንዳስተላለፈው መመርመር ለነፍስ የሚጠቅም ትምህርት አለበት። ትምህርቱም ስለ እውነተኛ ምስክርነት ነው። በመንገዳችን የምንጠራቸው የውጭ አገር ሰዎች ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከዔደን ወጥቶ ገነትን የሚያጠጣው ወንዝ በአራት እንደ ተከፈለ ኦሪት ትነግረናለች። አራቱም ፊሶን፥ ግዮን፥ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ይባላሉ። ሁለተኛው ግዮን የኢትዮጵያን ምድር የሚከብበው ነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ የአገሩ ስም ኩሽ ይባላል፤ መጽሐፉን ወደ ጽርዕ የመለሱት ሊቃውንት ግን ኢትዮጵያ ብለው ጻፉት፤ የግእዙም መጽሐፋችን ይህንኑ ተከተለ። በዚያ በጥንቱ ዘመን ኩሽ ወይም ኢትዮጵያ ተብሎ የተጠራው ምድር ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር የሚያጠቃልል እንደ ነበረ ማወቅ ይገባል።

ግዮን የአባይ ወንዝ መሆኑን የተናገሩት የኢትዮጵያ ሊቃውንት ብቻ አይደሉም። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን የሚባለው ሳይሆን፥ በሐዋርያት ዘመን የነበረው ፍላቪዮስ ዮሴፍ፥ ግዮን በግብጽ በኩል የሚወርደው ግሪኮች ኒል የሚሉት ወንዝ እንደ ሆነ ጽፏል። ከእርሱም በፊት መጽሐፈ ኤርምያስን ወደ ጽርዕ የተረጐሙት ሰዎች በምዕራፍ 2 ስለ ግብጽ ውኃ በሚናገረው ስፍራ ላይ ግዮን የሚለውን ስም አግብተዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 24 የጥበብን ብዛት በግዮን ሙላት መስሎ ይናገራል። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየልን መጽሐፈ ኩፋሌም የኖኅ ልጆች ምድርን በተካፈሉ ጊዜ ግዮን የድንበር ምልክት እንደ ነበረ ይተርካል። እንግዲህ ይህ ስም በአንድ ሰው አፍ የተፈጠረ ሳይሆን በብዙ መጻሕፍትና በብዙ ልሳን የተመሰከረ ነው።

ነገር ግን፥ ምእመናን ሆይ፥ መጽሐፍን የሚያነብ ሰው ጠንቅቆ ማንበብ አለበት። በኢየሩሳሌምም ግዮን የሚባል ምንጭ አለ። ሰሎሞን ተቀብቶ የነገሠው በዚያ ምንጭ አጠገብ እንደ ነበረ መጽሐፈ ነገሥት ይናገራል፤ ንጉሡ ሕዝቅያስም የዚያን ምንጭ ውኃ ወደ ከተማው እንዲገባ እንዳደረገ በዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 32 ተጽፏል። ስሙ በዕብራይስጥ ፈልቆ መውጣትን የሚያመለክት ስለ ሆነ ለሁለት ውኆች አንድ ስም መሰጠቱ አያስደንቅም። እንግዲህ የሰሎሞንን ምንጭ ከአባይ ጋራ ቀላቅሎ የሚያስተምር ሰው ለአገሩ ቀንቶ ያደረገው ቢሆንም መጽሐፉን አላከበረም።

እዚህ ላይ ትምህርት ቤት የሚውሉ ልጆቻችን አንድ ጥያቄ ይጠይቁናል። ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚወርዱት በእስያ ነው፤ አባይ የሚፈልቀው ግን በአፍሪካ ነው፤ ታዲያ እንዴት ከአንድ ምንጭ ወጡ? ይላሉ። ጥያቄው የሚያስቈጣ አይደለም፤ አባቶቻችንም አስቀድመው ጠይቀውታል። በ373 ዓመተ ምሕረት ያረፈው ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ግዮንን ኒል ነው ብሎ ከተረጐመ በኋላ፥ ወንዞቹ በየአገሩ የሚፈልቁበት ስፍራ ቢታወቅም ያ የመጀመሪያው ምንጭ አይደለም፤ ከገነት የወጣው ውኃ በምድርና በባሕር ውስጥ ተሰውሮ፥ በቦይ እንደሚሄድ ውኃ ሄዶ፥ በየስፍራው ይወጣል ሲል አስተማረ። ከኋላ ዘመን ሊቃውንትም ግዮንን በሌላ አገር የሚፈልጉ አሉ። እንግዲህ ልጆቻችን ይህን ሲጠይቁ ዝም በሉ ማለት አይገባም። ካርታው የሚያሳየው ዛሬ የሚታየውን ምድር ነው፤ ኦሪት የምትነግረን ግን ሰው ከመውደቁ በፊት ስለ ነበረችው ገነትና ውኃ ሁሉ ከአንድ ሰጪ እንደ ተሰጠ ነው። ሁለቱን በየቦታቸው ያስቀመጠ ሰው አንዱን ለማዳን ሌላውን መካድ አያስፈልገውም።

አሁን ደግሞ አባይ ወደሚለው ስም እንምጣ። ከሊቃውንት አንዳንዶቹ አባዊ ከሚለው አምጥተው የወንዞች አባት ማለት ነው ይላሉ፤ ሌሎቹም ዐቢይ ከሚለው አውጥተው ታላቅ ማለት ነው ይላሉ። እንዲህም ቢባል እንዲያም ቢባል ስሙ የአክብሮት ስም ነው። የጽርዕ ጸሐፊዎች ግን ይህን ወንዝ አስታጱስ ይሉት ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ሊቅ በጥሊሞስ አስታጱስ ቆሎኤ ከሚባል ሐይቅ እንደሚወጣ ጽፏል፤ ያም ሐይቅ ጣና እንደ ሆነ ብዙዎች ይስማሙበታል። ዐረቦችም ባሕር አልአዝረቅ፥ ማለት ሰማያዊው ወንዝ ይሉታል። ውኃው አንድ ሲሆን ስሙ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱ ሕዝብ ቆሞ ባየበት ዳር ልክ ሰየመው።

መንገዱስ እንዴት ነው? ወንዙ በጎጃም በሰከላ ምድር ግሽ አባይ ከሚባለው ስፍራ ከትንሽ ምንጭ ይፈልቃል። ምእመናን ዛሬም ለጠበል ወደዚያ ይሄዳሉ። ከዚያ ግልገል አባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ወርዶ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ባለው በጣና ሐይቅ ይገባል፤ በባሕር ዳር በኩል ይወጣና ጥቂት እንደ ሄደ በጢስ አባይ ከገደል ይወረወራል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የጀመረውን ጉዞ ወደ ደቡብ፥ ቀጥሎም ወደ ምዕራብ አዙሮ ጎጃምን በሦስት ወገን ይከብበዋል። በሽሎን፥ ጀማን፥ ሙገርን፥ ጉደርን፥ ዴዴሳንና ዳቡስን፥ በወዲያኛውም በኩል በለስን ተቀብሎ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ከጣና ወጥቶ ወደ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በካርቱም ከነጭ አባይ ጋራ ይገናኛል። የነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ መውጣት ለአውሮፓ የተነገረው ስፒክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1862 ካየው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ብዙ መጻሕፍት ሁለቱን ወንዞች ያቀላቅሉ ነበር። ነጩ በመንገዱ ርዝመት ይበልጣል፤ ግብጽ የሚደርሰው ውኃ ግን ከግማሹ የሚበልጠው የእኛው አባይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ስለ ምስክሮቹ ነው፤ የዛሬው ትምህርታችን ልብም ይኸው ነው።

በቬኒስ ከተማ ፍራ ማውሮ የሚባል መነኵሴ ነበር። እርሱም በ1459 አካባቢ ታላቅ የዓለም ካርታ ሣለ። በካርታው ላይ የኢትዮጵያን ወንዞች በስማቸው ሲጽፍ አባዊ የሚለውን ስም አግብቷል። ይህን ከወዴት አገኘው? ራሱ እንደ ጻፈው የዚያ አገር ተወላጆች የሆኑ ካህናት አገሮቹን፥ ወንዞቹንና ተራሮቹን በገዛ እጃቸው ሥለው ከነስማቸው ሰጥተውታል። ኢትዮጵያን በዐይኑ አላየም፤ ነገር ግን ያዩትን ሰምቶ፥ ከማን እንደ ሰማ አልሸሸገም።

ከዚያም በኋላ ከ200 ዓመት የሚያንስ ዘመን ሲያልፍ፥ እስፓንያዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከአጼ ሱስንዮስ ጋራ ሄዶ በ1618 በሚያዝያ ወር የግሽን ምንጭ አየ፤ ያየውንም ጻፈ። ይህ ሰው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበር። እርሱና ባልንጀሮቹ ያመጡት ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን ላይ ምን ያህል መከራ፥ በሕዝቡም መካከል ምን ያህል ደም እንዳስከተለ፥ ንጉሡም በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ እንደ ለቀቀ ታውቃላችሁ። በሃይማኖት አንከተለውም። ነገር ግን ስለ ምንጩ የጻፈው እውነት ነውን? እውነት ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ እውነት ነው ልንል ይገባናል። በሃይማኖት የማንስማማው ሰው የተናገረውን እውነት ሐሰት ነው የሚል ሰው ሃይማኖቱን አላስከበረም፤ በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ግን አፍርሷል።

ሦስተኛው ምስክር የእኛው ወገን ነው። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአምሐራ ሰው፥ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ፥ በሮም ሳሉ በ1649 ሉዶልፍ ከሚባል የጀርመን ሊቅ ጋራ ተዋወቁ፤ በ1652 ደግሞ ወደ አገሩ ወደ ጀርመን ሄደው ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋ፥ ታሪክና ምድር አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የአባይን መነሻና ዙር ሲጽፍ ይህን ያስተማሩኝ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው ብሎ በግልጥ መሰከረ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮ በባሕር ሞቱ፤ መቃብራቸው በአገራቸው አልሆነም። ሆኖም ደቀ መዝሙራቸው ስማቸውን ስላልሸሸገ ይኸው እስከ ዛሬ ይነሣሉ። ተማሪ ለአስተማሪው የሚከፍለው ከዚህ የሚበልጥ ዋጋ ምን አለ?

አራተኛው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በ1770 በኅዳር ወር መግቢያ ግሽ ደረሰ። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ግን ከእርሱ በፊት ፓኤዝ እንዳላየው ለማሳመን ብዙ ደከመ፤ የመጀመሪያ የመባልን ክብር ለብቻው ፈልጎ ነበርና። የፓኤዝ መጽሐፍ ሙሉው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ ሳይታተም ስለ ቆየ የብሩስ ቃል በብዙዎች ዘንድ ታመነ። በኋላ ግን መጽሐፉ ታተመ፥ እውነቱም ወጣ። እኛም ይህን ስንል በብሩስ ልንፈርድበት አይደለም፤ መጽሐፈ ሄኖክን ከኢትዮጵያ ወስዶ ለአውሮፓ ሊቃውንት ያደረሰ እርሱ ነው፤ የሠራው መልካም ሥራ አለ። ነገር ግን የወንድሙን ምስክርነት በማጥፋት የራሱን ክብር ለማብዛት የሚደክም ሰው መጨረሻው ይህ መሆኑን እንማርበታለን።

እንግዲህ አስተውሉ። ፓኤዝም ብሩስም ወደ ግሽ በመጡ ጊዜ ምንጩ ጠፍቶ አላገኙትም። መንገዱን የመሯቸው ሰዎች ነበሩ። የዚያ አካባቢ የአገው ሰዎች ምንጩን በታላቅ አክብሮት ይጠብቁት እንደ ነበረ መንገደኞቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ያ ከብቱን የሚያጠጣ እረኛ፥ ያ እንስራዋን የምትቀዳ እናት የወንዙን መነሻ ያውቁ ነበር፤ ስማቸው ግን በአንድ መጽሐፍ እንኳ አልተጻፈም። በሰው መጽሐፍ ያልተጻፈ ስም በእግዚአብሔር ዘንድ የተረሳ አይደለም፤ እኛም ስለ አንድ ነገር አገኘሁ ከማለታችን በፊት ያሳየን ማን ነው? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

ስለ ወንዙ ከተጻፉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያንን በቀጥታ ይነካል። በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረው ግብጻዊው የታሪክ ጸሐፊ ወልደ አሚድ እንደሚተርከው፥ በ11ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኒል ሙላት ባነሰ ጊዜ የግብጽ ገዥ የእስክንድርያውን ፓትርያርክ አባ ሚካኤልን ገጸ በረከት አሲዞ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ላካቸው፤ ንጉሡም ውኃውን እንዲለቅ ለመኗቸው ይላል። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ አባይን በእጁ ይዞ የሚያስቀር ኀይል አልነበረውም፤ የወንዙ ሙላት የክረምቱ ዝናም ነውና። ዝናሙንም የሚያዘው ማን እንደ ሆነ ቤተ ክርስቲያን ስለምታውቅ ስለ ዝናማትና ስለ ወንዞች ውኃ በጸሎቷ ታሳስባለች። ይህም ጸሎት የላይኛውን ዳር ከታችኛው አይለይም። ወደ 1,600 ዓመት ያህል ጳጳሳት ከእስክንድርያ መንበር ይመጡልን ነበር፤ ያ የእምነት ዝምድና የወንዙን መንገድ የተከተለ ነበር።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በአማርኛችን አባይ የሚለው ቃል ሐሰተኛ የሚል ትርጓሜም አለው። የቅኔ ሰዎች ይህን ቃል ያገኙ ጊዜ ሰምና ወርቅ ያደርጉታል። እኛ ግን ለምክር እንያዘው። ስለ አባይ ስንናገር አባይ እንዳንሆን እንጠንቀቅ። ያልተጻፈውን ተጽፏል፥ ያልታየውን ታይቷል ብለን የምንጨምረው የወንዙን ክብር አያበዛም፤ ያዩና የጻፉ አባቶችን ቃል ግን ያጠራጥራል። እውነቱ ብቻውን ይበቃል።

ደግሞም ስሙን እየጠሩ መመካት ብቻ ምስክርነት አይደለም። አባቶች አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ብለው ተረቱ። ግንዱን ብቻ ቢይዝ መልካም ነበር፤ በየክረምቱ የሚያቀላው ከእርሻችን የሚያጥበው አፈር ነው። ዛፉን ቈርጦ ኮረብታውን ያራቈተ ሰው ግዮን የገነት ወንዝ ነው ብሎ ቢዘምር አፉ የመሰከረውን እጁ ክዶታል። በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ዙሪያ የተጠበቀው ደን ከስብከት የሚበልጥ ምስክር ነው፤ ከቅጥሩ ውጭም ይቀጥል።

በዘመናችንም በ2003 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መሠረቱ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 ቀን ተመርቋል። ደሀውም ባለጸጋውም እንደ ዐቅሙ አዋጥቶበታል። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት ለብዙ ዘመን ያሳዘነን ነበር፤ እግዚአብሔር ለዚህ ስላደረሰን እናመስግነው። ነገር ግን ስለዚህም ሥራ ስንናገር እውነቱን እንናገር፤ በበታች ዳር ያለው ወንድማችንም ሰው መሆኑን፥ ከዚያው ውኃ የሚጠጣ የእግዚአብሔር ፍጥረት መሆኑን አንርሳ።

የጻድቁ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ገድል እንደሚተርክልን ጻድቁ በተያዙ ጊዜ መጻሕፍታቸውን ለግሽ ምንጭ አደራ ሰጡ፤ በተመለሱም ጊዜ ውኃው ሳያረጥብ መለሰላቸው። ምእመናን ሆይ፥ ውኃ አደራውን ከጠበቀ እኛማ እንዴት አብልጠን አንጠብቅም? ግዮን የሚለውን ስም ያቆዩልን በብራና የጻፉ ደብተሮችና መነኮሳት ናቸው። ከእነዚያ ብራናዎች ብዙዎቹ ዛሬም በየገዳሙና በየደብሩ በአይጥ፥ በእርጥበትና በሌባ ይጠፋሉ። በደብራችሁ ያለውን መጽሐፍ አስቈጥሩ፥ ከዝናምና ከእሳት ጠብቁ፥ ለሽያጭ የሚያወጣውንም አትተባበሩት። በቤታችሁም ልጆቻችሁ ስለ ወንዙ ሲጠይቋችሁ የምታውቁትን በትክክል ንገሯቸው፤ ከማን እንደ ሰማችሁም ጨምራችሁ ንገሯቸው፤ እንዲህ ያደገ ልጅ በሸንጎ ቆሞ በሐሰት አይመሰክርም።

ውኃን ከምድር ልብ የሚያፈልቅ፥ ክረምትንና በጋን የሚያፈራርቅ አምላክ አንደበታችንን ከሐሰት፥ ምድራችንን ከድርቅ ይጠብቅልን። የሕይወት ውኃ ከሆነው ከልጁ ከኢየሱስ ክርስቶስ ለመጠጣት ያብቃን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የጻድቃንና የሰማዕታት ጸሎት አይለየን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።